«በልቻለሁ» እያልኩ የዞርኩባቸው ሀገሮች

በእኛ ቤት እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል የሚያምነው የለም። እናቴ ከዲላ ወደ ላይ ያለው የቡሌ ደጋ ልጅ ናት፤ አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ዲላ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው። እንግዳው መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል። እናቴ እንዳልሰማ ሰው ሆና የእጅ ውሃ ታቀርባለች። «ኧረ አሁን ነው ከቤት በልቼ የወጣሁት» ይላል። «ታዲያ ቢሆንስ?» ይለዋል አባቴ። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ሲመጣ፣ እንግዳው በሰው ሞት ላለመጨከን ሲል እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው ጥያቄ እጁን የዘረጋ እንግዳ አይቼ አላውቅም። ቢኖር ኖሮ ስሙ በሰፈራችን ለብዙ ጊዜ ይነሳ ነበር።

እኔ ይህን ሥርዓት ከገበታ አልፌ ለሁሉም ነገር የምጠቀምበት ልጅ ነበርኩ። ዓይን አፋር ነኝ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም፤ መምህሩ ደጋግሞ እስኪለምነኝ እጠብቃለሁ፤ መምህር ደግሞ አይለምንም። እንደዚያም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ቱሪዝም ተማርኩ፣ ተመረቅሁ።

ከተመረቅሁ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም፣ የአስጎብኚዎች ማኅበር ሰብሳቢ ቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የቆየ ሰላምታ አላቸው። ወንበር ላይ ቁጭ ሳይሉ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ልጄ፣ ማኅበራችን ውስጥ አንዲት ሴት አስጎብኚ የለችም። ትክል ድንጋዮቹን፣ ቡናውንና እንሰቱን ለማየት የሚመጣው ሰው እየበዛ ነው። አንቺ ደግሞ ተምረሻል፤ ጌዴኦኛውንም ከእናትሽ አግኝተሻል። ትገቢልናለሽ?»

ልቤ ዘለለች። ገና ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ የምመኘው ሥራ ይህ ነበር። አፌ ግን «ኧረ ጋሼ፣ እኔ አልችልም፤ ከእኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም» አለ። ብዬም ጠበቅሁ።

እሳቸው ባርኔጣቸውን አነሱ። «እሺ ልጄ። እንግዳ የሚበዛው ከመስቀል በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብለው ወጡ። በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ዞር ይላሉ ብዬ ጀርባቸውን አየሁት። ባርኔጣው ቁልቁለቱን ወርዶ ተሰወረ።

ይህን ለጓደኛዬ ነገርኳት። ወላጆቿ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ጉራጌዎች ናቸው፤ እሷም በባንኮኒ ጀርባ ያደገች ስለሆነች ለማንም ሰው የምትለው አታጣም። ሰምታኝ ስታበቃ ሳቀች።

«አራት ዓመት ሙሉ ስለ ቱሪስት ተምረሽ አንድ ቀን እንኳን ቱሪስት ሆነሽ አታውቂም። ዋና የማይችል ሰው ዋና ያስተምራል? እስቲ አንቺም ሻንጣ ተሸክመሽ የሰው ደጅ ቁሚ!»

በአውቶብስ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን የመዞር ሐሳብ ከነበራት ቆይቷል። «ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ…»

«ጥሩ፤ ትሄጃለሽ ማለት ነው።» እሷ ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ጠይቃ፣ መልሱንም ራሷ የምትመልስ ሰው ናት። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ነገርም እንዲሁ እየጎተተች አስጨረሰችኝ።

ለአባቴም ነገርኩት። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት የራሱን የዝናብ ካፖርት አምጥቶ ሻንጣዬ ላይ ጣለው። ይህ በእሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ቶሎ የማይበላሽ፣ ደረቅ አድርጋ የጋገረችውን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከካፖርቱ ሥር ከተተችልኝ። ስትሸኘኝ የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር።

«ሰው ቤት ስትገቢ እንዳትስገበገቢ። መጀመሪያ እምቢ በይ። የእኔ ልጅ መሆንሽ በዚያ ይታወቃል።»

ዲላ መናኸሪያ ስንደርስ የአውቶብሱ ረዳት ሻንጣዬን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። ከጓደኛዬ ወንድም የተዋስኩት ነው፤ ጀርባዬ ላይ ሲሆን ከአናቴ በላይ ብቅ ይላል።

«እህት፣ አንቺ ነሽ ሻንጣውን የያዝሽው ወይስ እሱ ነው አንቺን የያዘሽ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓደኛዬ ግን «አንተ ዝም ብለህ ጫን! ከከበደህ አንተንም ጨምራ ትሸከምሃለች» አለችው። መናኸሪያው በሙሉ ሳቀ። እኔም ካፖርቱ ውስጥ ተደብቄ ሳቅሁ።

ከይርጋ ጨፌ እስከ ቡሌ ሆራ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴው እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ያቤሎ ላይ ሰው የሚያክል ኩይሳና ግመል መታየት ጀመረ። ሞያሌ ላይ ድንበሩን በእግራችን ተሻገርን። ወዲህ ማዶ ቦረንኛ ይወራል፣ ወዲያ ማዶም ቦረንኛ ይወራል፤ ጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ በለመደችው ኦሮምኛ ሁለቱንም ማዶ ተከራከረችበት። ውጭ ሀገር መሆኔ በደንብ የገባኝ መኪናው ሁሉ በመንገዱ ግራ በኩል ሲሄድ ሳይ ነው።

ማርሳቢትን አልፈን ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ የምግብ ዕቃ አወጣች። ቻፓቲ የሚሉት፣ ባቄላ የተደረገበት ስስ ቂጣ ነው። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ወደ እኔ ዘርጋ አድርጋ «ካሪቡ» አለችኝ፤ በስዋሂሊ «እንብላ» ማለቷ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እናቴ ብታየኝ የምትኮራበትን ፈገግታ ፈገግ ብዬ በእንግሊዝኛ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩ።

ሴትዮዋም ፈገግ አለችና መብላት ጀመረች።

እኔ በመስኮት ግመል የማይ መስዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። ሁለተኛው ጥያቄ በዚያ አውቶብስ አልተሳፈረም ነበር። ቻፓቲው አለቀ፣ ዕቃው ተከደነ፣ ሴትዮዋም እንቅልፍ ወሰዳት። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ «ምንድን ነው እንዲህ ምራቅ የሚያስውጥሽ?» አለችኝ።

ናይሮቢ ውስጥ ያረፍነው ብዙ አልጋ ባለበት የመንገደኞች ማደሪያ ነው። ከእኔ በታች ያለው አልጋ ላይ ለሥልጠና የመጣች ኡጋንዳዊት አስተማሪ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ምናልባት በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ። እሷ ቀድማን ወደ ሀገሯ ስትመለስ «ካምፓላ ስትደርሱ ቤቴ ትመጣላችሁ» ብላ አድራሻዋን ሰጠችን። ወዲያው በማግስቱ ለጓደኛዬ ከዲላ ስልክ መጣ። የወንድሟ የሠርግ ቀን ተቆርጧል፤ ሱቁን የሚይዝ ሰው የለም፤ ቶሎ እንድትመለስ።

እኔም ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለችኝ።

«ብቻዬን? ማን ያወራልኛል?»

«እኔ አፍሽ ሆኜ አስጎብኚ ልትሆኚ ነበር እንዴ? ሰውዬው እኔንም እንዲቀጥሩኝ ነው?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚ። ከዚህ ከተመለስሽ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ያ ቦታ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታያለሽ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ትቀጥያለሽ ወይስ ትመለሻለሽ?»

ማጣጠፌን አቆምኩ። ያን አይታ ይመስለኛል፣ የካምፓላ አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኝታኝ፣ ከመሳፈሪያው ሥር ቆማ እጇን እያወዛወዘች ቀረች። መኪናው ሲንቀሳቀስ «ብይ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ምን ማለቷ እንደሆነ ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም።

ኡጋንዳ ስገባ ግራና ቀኙ ሁሉ እንሰት መሰለኝ። ለካ ሙዝ ነው። በየጓሮው፣ በየገደሉ፣ በየመንገዱ ዳር ሙዝ። ቅጠሉን ሳይ የቡሌ ጓሮዎች እዚህ ድረስ ተከትለውኝ የመጡ መሰለኝና ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለ። የአስተማሪዋ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። የደረስኩት ልክ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። አቅፋ ተቀበለችኝና «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ «በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

«ጎሽ፣ ጥሩ አደረግሽ። እንግዲያው ዕረፍት ውሰጂ» ብላ ክፍሌን አሳየችኝ። እሷና እናቷ ገበታ ቀረቡ። በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ የበሰለ፣ ማቶኬ የሚሉት የጥሬ ሙዝ ምግብ ነው፤ ቅጠሉ ሲገለጥ እንፋሎቱ ከነሽታው በክፍሌ በር ሥር ገባ። አላስቻለኝም። ሻንጣዬን ከፍቼ፣ ካፖርቱን አንስቼ፣ የእናቴን ቆጮ የመጨረሻ ቁራሽ አወጣሁ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆረጥመው በሩ ተከፈተ። አስተማሪዋ ፎጣ ይዛ ቆማለች።

አፌ ሙሉ ስለሆነ መናገር አልቻልኩም። ጉንጬ ግን ብዙ ተናገረ።

«በልቻለሁ አላልሽኝም?»

ዋጥ አድርጌ፣ በማፈር ብዛት እንግሊዝኛዬ እየተደናቀፈ፣ ነገሩን አስረዳኋት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «በልቻለሁ» መልስ አይደለም። የሚጠበቀው ጋባዡ እንደገና እንዲጠይቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ይበላል።

መጀመሪያ አፈጠጠችብኝ፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። ስቃ ስቃ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እናቷን ጠርታ በራሳቸው ቋንቋ ስትነግራቸው እሳቸውም በሩን ተደግፈው ሳቁ። እንባዋን እየጠረገች ያለችኝን ግን አልረሳውም።

«እኔ እኮ አምኜሽ ነበር። እኛ ሰውን የምናከብረው ያለውን በማመን ነው።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እምቢታዬን ሁሌ እንደ ጨዋነት ነበር የማየው፤ ሌላውን ሰው ልመና ውስጥ የሚከት መሆኑ፣ የማይለምን ሰው ሲገጥመኝ ደግሞ ሁለታችንም በየፊናችን ቅር ብሎን እንደምንለያይ አልታየኝም። ባርኔጣቸውን አንስተው የወጡት ሰውዬ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም አክብረውኝ ይሆን?

ማቶኬው ቀረበልኝ። በላሁ። እሷም የቆጮውን ፍርፋሪ ቀመሰች፤ ፊቷ ኮምጠጥ አለ። «ልጨምርልሽ?» አልኳት፣ በልማድ።

«አይ፣ አልወደድኩትም» አለች፤ ልክ «ዛሬ ሰኞ ነው» እንደሚባለው፣ ያለ ይቅርታና ያለ ሐፍረት። ተደናገጥኩና ወዲያው ደስ አለኝ። አልተቀየምኩም። እናቴንም አልሰደበቻት። አልወደደችውም፣ በቃ።

እዚያ እስካለሁ ድረስ ቤቱ ሁሉ መጫወቻ አደረገኝ። ጠዋት እናትየዋ ፔርሙስ ይዘው ክፍሌ በር ላይ ይቆሙና «ሻይ? ሻይ? ሻይ?» ይሉኛል፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ። እኔም «አዎ!» እላለሁ። የመጀመሪያውን «አዎ» ስል የሆነ ነገር የሰረቅሁ ያህል አካባቢዬን ገላመጥኩ። ከዚያ በኋላ እየቀለለኝ መጣ። ሻንጣዬም አብሮ ቀለለ፤ ለሌላ ሰው ሠርግ የሚሆን ጫማ፣ ሳላነበው የተሸከምኩትን ወፍራም መጽሐፍ፣ የማያስፈልገኝን ሁሉ እዚያ ቤት ትቼ ሄድኩ። የአባቴን ካፖርት ግን አልተውኩም፤ በሄድኩበት ሁሉ ፀሐይ ቢሆንም።

ሩዋንዳ ኮረብታዋ ከኮረብታችን ጋር ይመሳሰላል። ኪቩ ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ የእሸት ቡና መፈልፈያ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ሄድኩ። አስጎብኚያችን እኩያዬ የምትሆን ልጅ ናት። ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ መጀመሪያ «ይህችስ እንዴት ልትሆን ነው?» ብዬ ሠጋሁላት። ግን አትጮህም፣ አትጨነቅም። ሰው ሁሉ ሊሰማት ጠጋ ይላል። ጠጋ ሲሉ ደግሞ ቡናውን ቀረብ ብለው ያዩታል። አስጎብኚ ለመሆን ትልቅ ድምፅ ያስፈልጋል ብሎ ማን እንደነገረኝ አላውቅም።

ቡናው የሚደርቅበት አልጋ ጋ ቆመን ሳለ «ከእናንተ መካከል ቡና ከሚበቅልበት ሀገር የመጣ አለ?» አለች።

ጥያቄው አንድ ጊዜ እንደሚጠየቅ አሁን አውቃለሁ። እጄ ወጣ። የእኔ መሆኑን ያረጋገጥኩት ሰዎቹ ሲያዩኝ ነው።

ይርጋ ጨፌ አጠገብ ስላለችው የቡና መንደር ስለ አሪቻ ነገርኳቸው። ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው፣ እየተጨዋወቱ፣ የተበላሸውን ፍሬ ዓይናቸው ሳይሆን ጣታቸው እየለቀመው ሲያወጣ። እኛ ጋ ቡና ብቻውን እንደማይቆም፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ እንዳለ፣ ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው ጎን እንሰት፣ ሁሉም በአንድ ጓሮ። ድምፄ ሩቅ አልደረሰም። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጠጋ አለኝ። ሌላዋ እንሰት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሙዝ የሚመስል ግን ፍሬው የማይበላ፣ ግንዱና ሥሩ ቤተሰብ የሚያኖር ነው አልኳት። እንዴት ግንድ እንደሚበላ ጠየቀች። መለስኩ። አንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ እያመጣ ቆየንና ስንጨርስ አስጎብኚዋ በጎን «አንቺም ሥራሽ ይህ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለም፣ እኔ እንኳን…» የሚለው ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ወደ ውስጥ መለስኩት።

«ልሆን ነው» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ፍርሃቱ መጣ። ነሐሴ እየተገባደደ ነው። ሰውዬው እስከ መስቀል ብለዋል እንጂ፣ አንዷ «እሺ» ብላቸው ከሆነ ማን ይጠብቀኛል? መመለሻዬ ከመሄጃዬ የፈጠነው ለዚህ ነው።

ዲላ ስደርስ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ መክሳቴን ለካች። በነጋታው ከምሳ በፊት፣ ከዲላ ወጣ ብላ ጪጩ ያለችውን አክስቴን ሰላም እንድል ላከችኝ። አክስቴ አገላብጣ ሳመችኝና «ምሳ በልተሻል?» አለች።

«አልበላሁም።»

የያዘችውን ጭልፋ ይዛ ቀረች። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዙር የተዘጋጀችባቸው ቃላት ሁሉ አፏ ውስጥ መከኑ። ምግቡን አቅርባልኝ ጓዳ ገባችና ለእናቴ ስትደውል ሰማሁ። «እንዴ! ልጅሽን በሰው ሀገር በረሃብ ነው እንዴ ያሰነበቷት?»

ሰብሳቢው ከተማ ውስጥ አልነበሩም። ቡሌ ወዳለው ቤታቸው ሄደዋል ተባልኩ። በማግስቱ መኪና እስከሚያስገባው ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ወጣሁ። ዝናቡ መጣ። የአባቴ ካፖርት ሦስት ሀገር ዞሮ ያልሠራውን ሥራ በቡሌ ጭቃ ላይ ሠራ።

ስገባ ባለቤታቸው ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ ገበታ ላይ እያቀረቡ ነው። ሴቱንም ወንዱንም በአንድ «ብላ» የሚጋብዙ፣ አማርኛን በዕድሜያቸው አጋማሽ የለመዱ ደግ ሴት ናቸው። ሰብሳቢው ካፖርቴን ተቀብለው ሰቀሉት።

«ምሳ በልተሻል ልጄ?»

«አልበላሁም ጋሼ። በጣም ርቦኛል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቦታም ለቀቁልኝ። ትንሽ ከጎረስኩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለአስጎብኚነቱ ሰው አገኛችሁ?» አልኩ።

«ወዴት ይገኛል? አንዷን ብጠይቃት አልችልም አለች። ሌላዋም እንደዚያው። ሁላችሁም ትማራላችሁ፣ ሁላችሁም አትችሉም። የናንተ ነገር አልገባኝም።»

«እኔ እችላለሁ።»

«አልችልም ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?»

«ያኔም እችል ነበር። ደግመው እስኪጠይቁኝ ነበር የጠበቅሁት።»

ጉርሻቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። «እኔ እኮ አምኜሽ ነበር!» አሉ። ያንኑ ቃል ኮረብታ ላይ ባለ ሌላ ቤት ሰምቼው ስለነበር ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት። «ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር፣ እጁን ያላወጣ ተማሪ አያውቅም ብዬ ነበር የማልፈው። ስንቱን አልፌ ይሆን?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ጮክ ብለሽ መናገር ትችያለሽ?»

«አልችልም። ሰዎቹ ጠጋ ይላሉ።»

አሁን ሳቁ። «ይሁን። ሰኞ ጠዋት ትክል ድንጋዮቹ ጋ እንገናኝ፤ መጀመሪያ እኔ ጠጋ ብዬ እሰማሻለሁ።»

ደስታዬን የት እንደማደርገው ስላላወቅሁ መብላቴን ቀጠልኩ። እስክጠግብ በላሁ። እውነተኛ ጥጋብ ነው፤ መቀነቴ የመሰከረልኝ። ባለቤታቸው ግን ሌላ ትኩስ ቁራሽ ከነጎመኑ ይዘው መጡ።

«በቃኝ እማማ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ።

«ብላ፣ ብላ!»

«እውነቴን ነው፣ በጣም ጠግቤያለሁ።»

«አሁን ደግሞ ማን ያምንሻል?» አሉ ሰብሳቢው። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ነገር ሦስት ጊዜ ነው የምጠይቅሽ።»

እማማ ቁራሹን ፊቴ አስቀምጠው «በሞቴ» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ።